ብዙ ማየት፣ አንዱንም አለመድገም
ስለ ፎቶግራፍ ትምህርትና ስለ ቅንብር የቀረበ ሂስ

ስለ ፎቶግራፍ በሚደረግ ውይይት ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «ዓይን ይወለዳል እንጂ አይማርም» የሚለው ነው። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ለተናጋሪውም ይመቸዋል። መምህሩን ከማስተማር፣ ተማሪውን ከመድከም፣ ሃያሲውንም ከመመርመር ያሳርፋልና። ከዚህ የተነሣ የሌላውን ባለሙያ ሥራ ፊቱ ዘርግቶ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ካሜራው ከምን ከፍታ እንደተያዘ የሚመረምር ወጣት «ኮራጅ» የሚል ስም ይለጠፍበታል። አንድም ሥራ በቅጡ ሳያጠና ካሜራ አንግቶ የሚወጣው ደግሞ «ወጥ ከያኒ» ይባላል፤ ይጨበጨብለታልም። ይህ አመለካከት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ በጭብጨባው አዳራሽ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ ራሱን የሚያይበትን መስተዋት የሚያደበዝዝ በመሆኑ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ሳያጠኑ ከሚያነሡ ሰዎች ሥራ የተሰበሰበ ዐውደ ርእይ ሲጎበኝ ግድግዳው ምን እንደሚያሳይ አስቀድሞ ይታወቃል። ፊታቸው የተሸበሸበ አንድ አዛውንት በጣም ተቀርበው ተነሥተዋል፤ ስማቸው ግን አልተጻፈም። አፍንጫው ያልተጠረገ ሕፃን ሽቅብ አንጋጦ ያያል፤ ካሜራው ቁልቁል ያዘቀዝቅበታል። የዕጣን ጭስ በመስኮት ብርሃን ውስጥ ይጥመለመላል። ግመሎች በምትጠልቅ ፀሐይ ፊት ተሰልፈው ያልፋሉ። ከዐሥር ሰዎች ዐሥሩ ይህንኑ አንሥተዋል፤ ዐሥሩም ማንንም እንዳልኮረጁ ይምላሉ። በመሐላቸው ውሸት የለበትም፤ አውቀው አልኮረጁም። ሳያውቁት ግን ከቀን መቁጠሪያ፣ ከፖስታ ካርድ፣ ከቱሪስት ማስታወቂያ፣ ዛሬ ደግሞ በአውራ ጣት ሥር በየቅጽበቱ ከሚያልፈው የእጅ ስልክ ምስል ቀድተዋል። ያልተመረመረ ተጽዕኖ ከተመረመረው ይልቅ ገዥ ነው። የሚገዛውን የማያውቅ ሰው ነጻ የወጣ ይመስለዋልና።

እንግዲህ የክርክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የሌሎችን ሥራ ማጥናት ወጥነትን ይገድላል የሚባለው ከእውነት የራቀ ነው፤ ወደ ወጥ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ በዚያው በጥናቱ በኩል ያልፋል።

ይህን ሐሳብ እንግዳ አድርገው የሚያዩ ሰዎች የቅኔ ቤትን ትምህርት ያስታውሱ። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ወይም የዋድላ ጉባኤ ተማሪ አፉን ከመክፈቱ በፊት ይሰማል። መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል፤ ሰምና ወርቁ ሲፈታ ይሰማል፤ የቀደሙት ሊቃውንት ቅኔ በምን አገባብ እንደተሠራ ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ደረጃ በደረጃም እስከ መወድስ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ሥራ ሲሰማ የኖረ ተማሪ በማኅሌት ቆሞ የሌላውን ቅኔ ቢደግም ግን ያፍራል፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልምና። ቅኔ ማፍለቅ በራሱ «ዘረፋ» መባሉም ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙ መስማት፣ አንዱንም አለመድገም የቅኔ ቤት ሕግ ነው። «መስማት» የሚለው ቃል በ«ማየት» ቢተካ ለፎቶግራፍ ከዚህ የተሻለ ሕግ አይገኝም።

የሥዕል ታሪክም ምስክርነቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ግልባጮች በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አቀማመጧን፣ የእጆቿን መነባበር፣ የሕፃኑን አያያዝ ተመለከቱ። ከዚያም ቀለሙን፣ የዓይኑን አሳሳል፣ የልብሱን እጥፋት፣ በግራና በቀኝ የሚቆሙትን መላእክት በራሳቸው መንገድ ሠሩ። ዛሬ በጎንደር ዘመን ሥዕል ፊት የሚቆም ተመልካች የሮም ግልባጭ አየሁ አይልም። ባዕዱ ሥራ በሚገባ ስለተጠና ባዕድ ሆኖ አልቀረም።

ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ይፋ ከተደረገ ወዲህ የተነሡት ታላላቅ ባለሙያዎችም በዚሁ ጎዳና ተጉዘዋል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን የ«ተፈጥሮ ዓይን» ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ካሜራን በቁም ነገር ከመያዙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1927 እና በ1928፣ በፓሪስ ከሠዓሊው ከአንድሬ ሎት ዘንድ ገብቶ ስለ መስመርና ስለ ስፍር ተምሯል። ከዚያም ሃንጋሪያዊው ማርቲን ሙንካቺ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ያነሣውን አንድ ፎቶግራፍ አየ። ሦስት ልጆች ወደ ማዕበሉ እየሮጡ ይገባሉ፤ ብርሃኑ ከፊታቸው ስለሚመጣ አካላቸው ጥቁር ሆኖ በነጩ አረፋ ላይ ይሣላል፤ ክንድና እግራቸው እንደ ጭፈራ ይነበባል። ካርቲዬ ብሬሶን ወደ ካሜራ የገፋፋው ይህ የሌላ ሰው ሥራ መሆኑን ራሱ መስክሯል። አፍሪካውያን ልጆች በአፍሪካ ሐይቅ ዳር ሲሮጡ የተነሣ ምስል ለአውሮጳዊው ትምህርት ከሆነ፣ አፍሪካዊውን ፎቶግራፍ አንሺ «የሰው ሥራ አትይ» ብሎ መምከር ምን ይባላል?

ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 በፓሪስ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሣው ፎቶግራፍ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። አንድ ሰው ውሃ ያቆረ መሬት ሲዘል ይታያል፤ ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ከሥሩ ነጸብራቁ አብሮት ይዘላል። ከኋላ በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ የምትታይ ጨፋሪ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ትወረወራለች። ይህን ምስል አይቶ «ዕድለኛ ነበር» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ምንም አልተማረም። ሰውየው ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ምን ይጠፋ ነበር? ካሜራው ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ነጸብራቁ የት ይደርስ ነበር? ማስታወቂያው ባይኖር ዝላዩ ምን ትርጉም ይቀረው ነበር? እያለ የሚጠይቅ ግን ቅንብር በምስል ላይ የሚደረብ ጌጥ ሳይሆን የምስሉ ሐሳብ ራሱ መሆኑ ይገለጥለታል። ፎቶግራፉ በአጥር ክፍተት በኩል መነሣቱን፣ በኋላም አንድ ጠርዙ መቆረጡን ሲረዳ ደግሞ ጌቶቹም ከትግል ያልዳኑ ሰዎች መሆናቸውን ያያል።

አሜሪካዊው ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ አገሩን ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጸጥ ባለና በተመጠነ አቀማመጥ አሳይቷል። ከስዊትዘርላንድ የሄደው ሮበርት ፍራንክ የኢቫንስን ሥራ አጥንቶ፣ በኢቫንስም ድጋፍ አገሪቱን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1958 በፓሪስ የታተመው የእርሱ መጽሐፍ 83 ፎቶግራፎች የያዘ ሲሆን፣ ክፈፉ ያዘነበለ፣ ምስሉ ሻካራ፣ ስሜቱ የተበሳጨ ነበር። ተማሪው ከመምህሩ ያገኘው አገርን በመጽሐፍ ቅደም ተከተል የመመርመርን ጥበብ ነው፤ መልኩን አልደገመም።

ከአፍሪካም የማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ትጠቀስ። ሴዱ ኬይታ በአናጢነት ያደገ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 አጎቱ የሰጡትን ትንሽ ካሜራ ይዞ ጀመረ፤ ሙያውን ከፈረንሳዊው ከፒዬር ጋርኒዬና ከመምህሩ ከሙንታጋ ደምቤሌ ቀሰመ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። በሥራዎቹ ውስጥ ከደንበኛው ኋላ የተንጠለጠለው ጨርቅ ጥለትና የደንበኛው ልብስ ጥለት እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ከእርሱ ቀጥሎ የተነሣው ማሊክ ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ1955 በአንድ ፈረንሳዊ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ እያየ ተማረ። ኬይታ የደንበኛውን እርጋታና ክብር ሲያነሣ ሲዲቤ የወጣቶቹን ጭፈራ አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በቬኒስ ቢየናሌ የሕይወት ዘመን ወርቃማ አንበሳ ተሸልሟል። የሁለቱም ሙያ ከፈረንሳዊ እጅ የተቀዳ ነበር፤ የሁለቱም ሥራ ግን ባማኮን እንጂ ፓሪስን አያሳይም።

ይህ ሁሉ ምሳሌ ቀርቦም «የውጭ ሰው ሥራ ማጥናት ባህልን መበረዝ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቅንነታቸው አይጠረጠርም፤ አደጋውን ግን በተሳሳተ ቦታ ይፈልጉታል። የውጭው ምስል ቢጠናም ባይጠናም ወደ ሰው ዓይን ይገባል። የሚያጠናው ሰው መዝኖ ያስገባዋል፤ የማያጠናው ግን እንደገባ እንኳ አያውቅም። ኢትዮጵያ ደግሞ ምስል ምን ማድረግ እንደሚችል በራሷ ላይ ያየች አገር ናት።

እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ስለ ደረሰው ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ምስሎች ጋር እየተሰባጠረ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የረሃቡ ምስል እውነት ነበር፤ የግብዣውም ምስል እውነት ነበር፤ ሦስተኛውን ትርጉም የወለደው የሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ነው። የዚያን ምሽት የፖለቲካ ውጤት የማያውቅ የለም። የምስል አሰላለፍ እንዴት ያን ያህል ኃይል እንዳገኘ ግን በጥንቃቄ የመረመረው ጥቂት ነው። በምስል ኃይል የተጠቀመው መንግሥት ራሱ ከዐሥር ዓመት በኋላ በእርሱ ዘመን የደረሰውን ረሃብ በበዓል ድምቀት ሊሸፍን ሞከረ።

የተሸፈነው ግን አልተሸፈነም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1984 ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ታየ፤ ዓለምም ተንቀሳቀሰ። ምስሉ ለዚያ ሰዓት እውነት ነበር፤ ሕይወትም አድኗል። ይሁን እንጂ ረሃቡ ካለፈ በኋላ በተደጋገሙት የርዳታ ምስሎች አማካይነት አንድ ሰዋስው ተተክሎ ቀረ። ስም የሌለው ሕዝብ፣ ባዶ ዳራ፣ ከላይ የሚያይ ካሜራ፣ ሥራ የሌለው እጅ፣ ሽቅብ የሚያንጋጥጥ ሕፃን የዚህ ሰዋስው ክፍሎች ናቸው። ይህን ፈትቶ ያልተማረ ኢትዮጵያዊ ፎቶግራፍ አንሺ በጥጋብ ዘመን፣ በደህና መንደር፣ በገዛ እኅቱ ልጅ ላይ ያንኑ ይደግመዋል። በዐውደ ርእዩ ግድግዳ ላይ የታየው ያ ሕፃን የመጣው ከዚሁ ነው። ካሜራው የኢትዮጵያዊ ነው፤ ዓይኑ ግን የውሰት ነው። «ማንንም አላጠናሁም» የሚለው ኩራትም ከዚህ ውሰት አላዳነውም።

በአንጻሩ ያጠኑት ምን እንዳደረጉ ይታይ። በአዲስ አበባ ተወልዳ በውጭ ያደገችው አይዳ ሙሉነህ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማረች በኋላ የጋዜጣ ፎቶግራፍን ከውስጡ አየች። በኋላ በሠራቻቸው ምስሎች ውስጥ ፊት ይቀባል፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ በልክ ይቀመጣሉ፤ ሴቲቱ ካሜራውን በትክክል ትመለከተዋለች እንጂ አትለምነውም። የርዳታውን ምስል ሰዋስው ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ነጥብ በነጥብ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስትም የሌላውን አገር ሥራ አዲስ አበባ አምጥቶ ለማየት ዕድል ሰጥቷል። ሚካኤል ጸጋዬ ደግሞ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። የምትፈርሰውንና የምትሠራውን አዲስ አበባ ሲያነሣ የሠዓሊው ሥልጠና በምስሉ ውስጥ ይታያል፤ ባዶ ቦታ እንኳ ክብደት ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ በጥናት ስም የሚኮርጁትም ከሂስ አያመልጡም። አንድ ሰው የአይዳን ቀለምና የተቀባ ፊት ወስዶ በሌላ ሴት ላይ ቢያደርገው፣ ጥያቄውን ትቶ መልሱን ብቻ ሰርቋል። ኮራጅ ከሥራው መልኩን ይወስዳል፤ ተማሪ ግን ሥራው የፈታውን ችግር ይወስዳል። መልክ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ችግሩ ግን በየአገሩና በየዘመኑ አዲስ መፍትሔ ይጠይቃል። ስለዚህ በተሰጥኦ የሚመካውም ሆነ በግልባጭ የሚተዳደረው ከአንድ ሸሽተዋል፤ ከድካሙ።

ድካሙ ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገር። መምህሩ አንድ ፎቶግራፍ ይምረጥ፤ ተማሪዎቹም አንድ ሰዓት ሙሉ በእርሱ ላይ ይቀመጡ። በመጀመሪያ «ያምራል» እና «ያሳዝናል» የሚሉትን ቃላት ትተው በክፈፉ ውስጥ ያለውን ብቻ ይዘርዝሩ። ቀጥለው ከክፈፉ ውጭ የተተወውን ይገምቱ፤ ፎቶግራፍ አንሺ ከሚጨምረው ይልቅ በሚያስቀረው ይታወቃልና። ስስ ወረቀት በላዩ አድርገው ዋና ዋናዎቹን መስመሮች፣ ጥቁርና ነጭ የሆኑትን ቦታዎች ይቅዱ። ምስሉን ገልብጠው ይዩት፤ ታሪኩ ሲጠፋ ሚዛኑ ይታያል። የጥላውን ርዝመት አይተው ሰዓቱን፣ የአድማሱን ከፍታ አይተው ካሜራው የቆመበትን ቦታ፣ የዳራውን ጥራትና ብዥታ አይተው የሌንሱን አከፋፈት ይመርምሩ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ተዘግቶ ወደ ውጭ ይወጣ። የሚፈለገው ያው ምስል ሳይሆን ያው ችግር ነው። በሴን ላዛር የታየው ሁለት እንቅስቃሴዎችን በአንድ ክፈፍ ውስጥ እርስ በርስ ማመላለስ ከሆነ፣ በክረምት ጎርፍ ላይ በሚዘሉ የመርካቶ ተሸካሚዎች ዘንድ መፍትሔው ምን ይሆናል? ኬይታ ልብስና ዳራን ካነጋገረ፣ ነጭ የአገር ልብስ በነጭ የኖራ ግድግዳ ፊት ሲቆም ጥለቱ እንዴት ሊነበብ ይችላል? ተማሪው የሠራውን ይዞ ይመለስ፤ በጉባኤው ፊት «ይነግር»፤ ይታረም። እነዚህ ልምምዶች ለዐውደ ርእይ አይቅረቡ፤ የቅኔ ተማሪ ቆጠራውን በማኅሌት እንደማያሰማ ሁሉ። ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የተራ ስልክ ካሜራና ጥቂት በጥሩ የታተሙ ምስሎች ይበቃሉ። የሚጎድለው ትዕግሥት ነው።

የባህል ሠራተኛውም ከኃላፊነት አያመልጥም። የውድድር ዳኛ የሆነ ሰው ርዕሱ ስለ ሸለመው ብቻ ምስልን አይሸልም፤ ሃይማኖት፣ አዛውንት ወይም ሕፃን በክፈፍ ውስጥ መግባቱ ሥራውን ጥሩ አያደርገውም። ቤተ መጻሕፍት ለልብ ወለድ መደርደሪያ እንደሚሰጥ ሁሉ ለፎቶግራፍ መጻሕፍትም ይስጥ። ከሁሉ በላይ የአገሪቱ የራሷ ሥራ ይሰብሰብ። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ለቤተ መንግሥት ያነሡት፣ ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ሽመልስ ደስታ በዚያው ቤተ መንግሥት ያነሣው፣ በየከተማው ያሉ ስማቸው ያልተነገረ ፎቶ ቤቶች በተቀባ መጋረጃ ፊት ያቆሟቸው ሙሽሮች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ሁሉ የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው። አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የፊልም ሣጥኑ ወደ ቆሻሻ ከተጣለ የተጣለው አንድ ሙሉ ጉባኤ ነው። መጪው ትውልድ ከባዕድ ብቻ ተማረ ተብሎ እንዳይወቀስ የሚማርበትን የራሱን ቅርስ ማቆየት የዛሬዎቹ ግዴታ ነው።

«ዓይን ይወለዳል» የሚለው አነጋገር እርግጥ ነው፤ ሁሉም ሰው ከዓይን ጋር ይወለዳል። አንደበትም ይወለዳል፤ ነገር ግን ዋሸራ ሳይገባ፣ ሳይሰማ፣ ሳይቆጥር፣ ሳይታረም መወድስ የዘረፈ አንደበት አልተሰማም። ካሜራ በእያንዳንዱ ኪስ በገባበት በዚህ ዘመን የምስል እጥረት የለም። የጎደለው ምስልን የሚያነብ ሰው ነው። ያላነበበ ሲጽፍ የሚደግመው ሌሎች በእርሱ ላይ የጻፉትን ነው።